እስከ ጆሮ ጫፍ

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለጋሽ ቱንቢ፣

እንደምን ከረምክ? ደረጃ ስትወጣ ይንቋቋል ያልከኝ ጉልበት ቀኙ ነበር ግራው? አምላክ ሁለቱንም ይጠብቅልህ። አክስትህን እትዬን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ጆሯቸው ስለማይሰማ «ሚጢጢ ናት የሳመችዎት» ብለህ በእጅህ የእኔን ቁመት አሳያቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። እኔና ልጄ ደህና ነን። እዚያው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ። ልጄ ስምንት ዓመት ሞላት፤ አንደበቷ ግን የአርባ ዓመት ሴት ነው።

ባለፈው ሳምንት በእሷ ምክንያት ተዋረድኩ። የትምህርት ቤቷ ነርስ ቁመቷን ልትለካ አናቷ ላይ ማስመሪያ ስታጋድም «ተሳስተሻል እኮ፣ ሰው የሚለካው እስከ ጆሮው ጫፍ ነው» አልኳት። ሴትዮዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጄን አየች። ጋሼ፣ ዓለም በሙሉ ልጁን እስከ አናቱ እንደሚለካ የሰማሁት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው! እኛ ቤት ተረከዝን ከምሰሶው አስጠግቶ፣ በስንዝር እስከ ጆሮ ጫፍ ለክቶ፣ ትልቁ ሰው «ስንት?» ብሎ ሲጮህ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ለወንድ «አይሸጥም!» ለሴት «አትሸጥም!» ብሎ ሲያጨበጭብ ስላደግኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ያነሳሁት አለነገር አይደለም። የናንተ ሰፈር ልጅ እዚህ አግኝታኝ ማዘጋጃ ቤቱ የዘመዶቻችንን አሮጌ አዳራሽ፣ ያንን የድሮ የጨው መጋዘን ሊረከበው ነው፣ የእንጨት ሥራህንም ከዚያ ልታነሳ ነው አለችኝ። ያን ቤት አያቶቻችን ወንድማማቾቹ አብረው ኖረውበታል፤ አንተም መጋዝህን ይዘህ ዕድሜህን ጨርሰህበታል። ለአንተ አዝኛለሁ። ግን ከሐዘኔ በፊት ራስ ወዳድነቴ ቀደመኝና የወንድሜን የሎጋውን ምልክት አሰብኩ። ሎጋው በአሥራ አንድ ዓመቱ ያ ትኩሳት ሲወስደው አንድም ፎቶግራፍ አልነበረውም። ከእሱ የቀረኝ ከበሩ አራተኛው ምሰሶ ላይ አባቴ በቢላዋ የጫረለት ቁመቱ ብቻ ነው።

ልመናዬ ይኸው ነው፤ ቤቱን ከማስረከብህ በፊት ከዚያ ምሰሶ ምልክቱ ያለበትን አንድ ክንድ የምታህል ቁራጭ አውጥተህ ላክልኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

እህትህ ሚጢጢ

ጥቅምት 29 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለሚጢጢ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ የሚንቋቋው ቀኙ ነበር፣ አሁን ግራው ቀንቶ እሱም ጀምሯል። እትዬ ቁመትሽን በእጄ ሳሳያቸው እጄን ይዘው ወደ ታች ዝቅ አደረጉት። እንግዲህ ከእኔ ጋር እንዳትጣዪ፤ የለኩሽ እሳቸው ናቸው።

ምሰሶውን ቁረጥ ትያለሽ፤ ጣሪያውን ማን ሊሸከመው ነው፣ እኔ? ግን አይዞሽ፣ መላው ተገኝቷል። ሁለት ደጋፊ አቁሜ፣ መሃሉን አውጥቼ፣ በሌላ እንጨት እተካዋለሁ። ችግሩ መጋዙ ነው። ይህ እንጨት ብረት ነው፤ ባለፈው ምስማር ስመታበት ምስማሩ ተጣሞ ተመለሰልኝ። የድሮ ሰው ለጨው መጋዘን ይህን ያህል መልፋቱ ይገርመኛል። በየግድግዳው ሥር ያሉት የብረት ቀለበቶችስ? የበቅሎ ማሰሪያ ናቸው እየተባልን ነው ያደግነው፤ ሆኖም በቅሎን እቤት ውስጥ፣ ያውም በእኔ ቁርጭምጭሚት ልክ ማን እንደሚያስር ጠይቄ አላውቅም። እኔ መሃል ያለው የድንጋይ መድረክ ላይ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንጨት ስልግ ኖሬ፣ አሁን ልወጣ ስል ነው ቤቱን ማየት የጀመርኩት።

ኖራውን መፋቅ ጀምሬአለሁ። በየጊዜው ስለምንቀባው እንደ ጣት ወፍሯል። የሎጋውን ምልክት ዛሬ ጠዋት አገኘሁት። ሚጢጢ፣ ጣቴን ሳስገባበት ያ ልጅ ሲስቅ ትዝ አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሣጥኑ መንገድ ላይ ነው።

ደብዳቤውን ሳላጥፈው አንድ ነገር፤ ወደ ታች ስፍቅ ሌላ ጭረት ብቅ ብሏል። የአባቶቻችን ይሆናል። ነገ ኖራውን ጨርሼ አየዋለሁ።

ወንድምሽ ቱንቢ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ይድረስ ለጋሽ ቱንቢ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ለእትዬም እንዲሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ሁለት ሳምንት ያልከው ሁለት ወር ሊሞላው ነውና ታመህ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

እኔ ማድ ቤቴ ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ባዶ አድርጌ እየጠበቅኩ ነው። መደርደሪያ ነበረበት፣ አነሳሁት። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «የአጎቴ እንጨት መጣ?» ትለኛለች፤ ጎረቤት ደግሞ ግድግዳውን አይቶ ቤት ልትለቂ ነው ወይ ይለኛል። የማጓጓዣው ነገር ከሆነ አትጨነቅ፣ እኔ እችለዋለሁ። ጊዜ አጥሮህም ከሆነ ንገረኝ። ያቺ ሌላዋ ጭረትስ የማን ሆነች?

እባክህ ሁለት መስመርም ብትሆን ጻፍልኝ።

ሚጢጢ

ጥር 6 ቀን

ለእህቴ ለሚጢጢ፣

እኔም እትዬም ደህና ነን። እንጨቱን ብል በልቶታል። ሲነኩት ዱቄት ነው። ብቆርጠው እንኳ ሳይደርስሽ ያልቃል። ይቅርብሽ። በምትኩ የአዳራሹን ፎቶግራፍ አስነስቼ እልክልሻለሁ።

ሰላም ሁኚ።

ቱንቢ

ጥር 25 ቀን

ለጋሽ ቱንቢ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምስት መስመር ጻፍክልኝ፤ አንድም ቀልድ የለበትም። ስለ ጉልበትህ እንኳ አላጉረመረምክም። ምስማር ያጣመመ ብረት በሦስት ወር ዱቄት ሆነ ስትለኝ ምን እንድል ፈለግክ? አንተን በግንበኛ ገመድ ስም ቱንቢ ያሉህ ስለቀጠንክ ብቻ አይደለም፤ ስለማትዘምም ነው። ውሸት አታውቅበትም ጋሼ፤ እጅህ ላይ አያምርም።

ያቺ የሰፈራችሁ ልጅ አንዲት የቅርስ ባለሙያ ከማዘጋጃ ቤት እየመጣች ቤቱን ትለካለች፣ ትጽፋለች ብላኛለች። ሰው ለድሮ ዕቃ ብዙ እንደሚከፍልም አውቃለሁ። ሸጠኸው እንደሆነ ንገረኝ። እናደዳለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ይወጣልኛል። ዝም ስትለኝ ግን ወንድሜ ሁለተኛ የሞተብኝ ያህል ነው።

ሚጢጢ

የካቲት 14 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለሚጢጢ፣

ምሕረትሽን እየለመንኩ ነው ሰላም የምልሽ። «ሸጠኸው እንደሆነ» ያልሽው ቃል ላይ ስደርስ ከመድረኩ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እኔ ላይ ሦስት ወር ፈጀ እንጂ።

ባለሙያዋ መነጽራም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ የመጣች ቀን ቀለበቶቹን በጉልበቷ ተንበርክካ አየች፤ ከዚያ እኔ መጋዜን ይዤ የቆምኩበትን መድረክ አየች። «ይህ የጨው መጋዘን ነበር» አልኳት። «የለም አባቴ» አለችኝ፣ «እዚህ ሰው ነበር በጨረታ የሚሸጠው። እርስዎ የቆሙበት ላይ እያወጡ።»

መጋዜን አስቀመጥኩት። እሷ ግን አልጨረሰችም። «የሕፃናቱን ዕድሜ የሚያውቅ ስላልነበረ ዋጋቸው በስንዝር ነበር። ከተረከዝ እስከ ጆሮ ጫፍ ይለኳቸዋል። ባለ አምስት፣ ባለ ስድስት፣ ባለ ሰባት ስንዝር ይሏቸዋል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መለኪያ ምሰሶ አይጠፋም፤ እርስዎ አላዩም?»

እጄ ሳላውቀው ጆሮዬን ይዞ ነበር። «አላየሁም» አልኳት።

ሚጢጢ፣ ከሎጋው ምልክት በታች ያየሁት ጭረት አምስት ስንዝር ላይ ነው። ከላይ ደግሞ ሰባተኛው አለ። ሁለቱም በመሮ የተቆፈሩ፣ ጥልቅ ናቸው። ስድስተኛውን ፈልጌ አጣሁትና በመብራት ጠጋ ብዬ ሳየው፣ የሎጋው ምልክት እዚያው ውስጥ ነው። አባትሽ ቢላዋውን ሲያሳርፍ በኖራ የተደፈነ ስንጥቅ መስሎት፣ በአሮጌው ጭረት ላይ ነው የጫረው። ቆርጬ ልላክልሽ ብል ያንን ይዤ ነው የምልክልሽ። አንዱን ከሌላው መለየት አልችልም።

የምሰሶውን ፊት በሳንቃ ደርድሬ ሸፈንኩት። የፈራሁትን ልንገርሽ። ይህን ቤት አባቶቻችን ከየት አመጡት? «ስንት?» ብሎ የሚጮኸው ማን ነው? ሻጩ አይደል? እኛስ ያንን ጩኸት ከማን ተማርነው? የሻጮቹ ልጆች እንሆን ብዬ አሰብኩና እንቅልፍ አጣሁ። መላጊያዬን ስዬ አዘጋጅቻለሁ፤ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም፣ ሁሉም ጭረት ይጠፋል፣ የሎጋውም አብሮ። ርክክቡ ሚያዝያ 30 ነው። እስከዚያ ቤቱ በእጄ ነው፤ ከሳንቃው በስተጀርባ ያለውን ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ያለአንቺ ፈቃድ የወንድምሽን ምልክት አልነካም። ቁረጥ ካልሽኝ እቆርጣለሁ፤ ላግ ካልሽኝም እልጋለሁ።

የዋሸሽ ወንድምሽ ቱንቢ

መጋቢት 2 ቀን

ይድረስ ለጋሽ ቱንቢ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ይህን የምልህ ከልቤ ነው። ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ አንሶላ አቃጠልኩ። አለቃዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ «ዘመድ ታሞብኝ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

መጀመሪያ አንተን ተናደድኩ። ቀጥሎ አባቴን፣ ለምን እዚያ ላይ ጫረ ብዬ። ከዚያ ሎጋው ተረከዙን አስጠግቶ፣ ረዥም ለመምሰል አንገቱን እየመዘዘ፣ እየሳቀ የቆመበት ታየኝ። እዚያው ቦታ ላይ፣ እዚያው ልክ ላይ ስንት ልጅ ቆሟል? እነሱን የሳማቸው ነበር? ወንድሜ እኮ ሲለካ ሰው አጨብጭቦለታል።

አትቁረጥ። አትላገው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እኔና አንተ ከቅርንጫፉ ተንጠልጥለን እየፈራን ነው። ሥሩን የሚያውቁ አንድ ሰው ቀርተውናል። ሂድና እትዬን ይህን ልኬት ማን እንደጀመረው ጠይቃቸው። ጆሯቸው አይሰማም አትበለኝ፤ ዓይናቸው ከእኔ ይሻላል። በትልልቁ ጽፈህ አሳያቸው።

የሻጭ ልጆችም ከሆንን ሆነን እንወቀው። መላጊያውን ግን እባክህ ከእጅህ አስቀምጥ።

ሚጢጢ

መጋቢት 19 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለሚጢጢ፣

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው። የጠየቅሽውን ፈጽሜአለሁ፤ የሆነውን እንደሆነው እጽፍልሻለሁ።

እትዬ ጓሮ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አንድ ሳንቃ ላይ በአናጢ እርሳሴ «ልጅ በምሰሶ መለካት ማን ጀመረው?» ብዬ ጽፌ ጭናቸው ላይ አኖርኩት። አነበቡት። ሳንቃውን ገልብጠው ከጀርባው ሌላ የተጻፈ ይኖር እንደሆነ አዩ። ከዚያ «ማን ነገረህ?» አሉኝ። ስለ ቀለበቶቹ፣ ስለ ጭረቶቹ፣ ስለ ባለሙያዋ እስኪሞላ ጻፍኩላቸው።

«አያቴ ናት» አሉ። «አምስት ስንዝር ነበረች። ጆሮዋን ይዘው እዚያ ምሰሶ ላይ ለኳት። ሰውየው ‹ስንት?› ብሎ ጮኸ፣ አንዱ ዋጋ ጠራ፣ አንዱ ጨመረበት፣ ወሰዷት። እናቷ ያቺ ቀለበት ላይ ታስራ ታያለች።»

«ታዲያ እንዴት ተመልሳ እዚህ ኖረች?» ብዬ ጻፍኩ።

«ነገሩ ሲከለከል ቤቱ ባዶውን ቀረ። በር እንኳ አልነበረውም፤ የሚጠጋውም አልነበረም። እሷ ትልቅ ሴት ሆና ከሩቅ አገር በእግሯ መጣችና ጠራርጋ ገባችበት። ሰው እብድ ናት አላት። እሷ ግን እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችኝ እዚህ ነው፣ ከፈለገችኝ እዚህ ነው የምትመጣው አለች።»

«መጣች?» ብዬ ጻፍኩ። ባልጽፈው ይሻል ነበር።

«አልመጣችም። እሷ ግን እስክትሞት በሩን ዘግታ አታውቅም። ልጆች ወለደች። የመጀመሪያው አባቴ ነው። ባለ አምስት ስንዝር ሲሆን ወስዳ ምሰሶው ጋ አቆመችው። ጆሮውን ይዛ ‹ስንት?› ብላ ጮኸች። ማንም አልነበረም። ራሷ ‹አይሸጥም!› አለች። ከዚያ በኋላ ልጅ በተለካ ቁጥር ሁላችንም እንመልስላት ጀመር። እናንተ ጨዋታ መሰላችሁ። ስታጨበጭቡ እኔ ሁልጊዜ ወደ ጓሮ የምወጣው ለምን ይመስልሃል?»

ለምን ደበቃችሁን ብዬ ስጽፍ ተቆጡ። «ታዲያ የተሸጡ ዘር ናቸው እየተባለ ማን ሊያገባችሁ ነበር? ጨው ቤት ነው አልን። ጨውን ማን ይጠላል?» አሉኝ።

ሚጢጢ፣ እኔ ሻጭ መሆናችንን ፈርቼ በሳንቃ ሸፈንኩ፤ እነሱ መሸጣቸውን አፍረው በኖራ ሸፈኑ። ስንት ዓመት ሙሉ ያችኑ ሴት ነው ስንደፍናት የኖርነው። አለቀስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ እትዬ ጭን ላይ። እሳቸውም ራሴን ዳሰሱኝ።

የሎጋው ምልክት አሁንም የአንቺ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ካንቺ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ይህን ክር ላክሁልሽ። ከወለሉ ተነስቼ እስከ ምልክቱ ለክቼ ነው የቆረጥኩት። በቋጠርኩት በኩል ያለው ጫፍ ጆሮው ነው።

ወንድምሽ ቱንቢ

ሚያዝያ 8 ቀን

ይድረስ ለጋሽ ቱንቢ፣ ለእትዬም፣

ከዚህ በፊት የላክሁላችሁ ሰላምታ ሁሉ ጎደሎ ነበር፤ የዛሬው ሙሉ ነው። እትዬን እጃቸውን ሳምልኝ።

ክሩን ባዶ ባደረግሁት ግድግዳ ላይ ከወለሉ ጀምሬ ለጠፍኩት። ቋጠሮው እኔ ትከሻ ላይ አረፈ። ጋሼ፣ ወንድሜ ይህን ያህል ይደርስ ነበር! በልቤ ሲያድግ ኖሮ ነው መሰለኝ፣ ከእኔ የሚበልጥ ትልቅ ልጅ አድርጌው ነበር። ለካ ልጅ ነበር። እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ሠላሳ ዓመት ያቆየሁትን አለቀስኩ፤ ቀለለኝ።

ለልጄ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ሦስት ቀን አመነታሁ። እንዲያው በኋላ ከሌላ ሰው በሹክሹክታ ከምትሰማው ብዬ ነገርኳት። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ እናቷ፣ ስላልተዘጋው በር። ብዙ ትጠይቃለች ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እኔ ለምን አልተለካሁም?» አለች።

ስለዚህ ቃሌ ይኸው። ምሰሶው እዚያው ይቁም። የእኔ ወንድም ከእነዚያ ልጆች ተለይቶ ማድ ቤቴ ውስጥ ለብቻው ምን ያደርጋል? እነሱስ እሱ ሲሄድባቸው? ሳንቃውን አንሳ፤ ለባለሙያዋም ሁሉንም ንገራት፣ የማፈሩን ነገር ጭምር። እትዬ ከፈቀዱ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ክር አለ፤ የልጄ ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ ተረከዟን ግድግዳ አስጠግታ፣ እስከ ጆሮዋ ጫፍ ለክቼ ነው። አንገቷን እንደ ሎጋው እየመዘዘች አስቸገረችኝ፣ ግን ቀጥ አድርጌአታለሁ። ቤቱን ከማስረከብህ በፊት ምሰሶው ላይ ለካልኝ።

ሚጢጢ

ግንቦት 2 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለሚጢጢ፣ ለልጅሽም፣

እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰን። ቤቱን ከትናንት በስቲያ አስረከብኩ፤ መሣሪያዎቼም ወደ መኖሪያ ቤቴ ዞረዋል። ጉልበቶቼ ሁለቱም ይንቋቋሉ፣ ይህን ያልጻፍኩ እንደሆነ ታኮርፊያለሽ።

ሳንቃውን ያነሳሁት ባለሙያዋ ፊት ነው። ምሰሶውን ስታይ መነጽሯን አወለቀች። «የማን ምልክቶች ናቸው እነዚህ?» አለችኝ። «የእኛ» አልኳት። «የትኞቹ? በቢላዋ የተጫሩት ናቸው ወይስ አሮጌዎቹ?» አለች። «ሁሉም» አልኩና የነበረውን አጫወትኳት። ቀድሞ ስለዋሸኋትም ይቅርታ ጠየቅሁ። ምንም እንደማይፋቅ፣ የሎጋውም ከአሮጌው ጋር እንደሚኖር ጽፋ ፈረመችልኝ።

እትዬ ካልሄድኩ ብለው በወንበር አሸክመን ነው ያመጣናቸው። ከገቡ ስንት ዘመናቸው! በሩ ላይ አውርዱኝ አሉ፤ የቀረውን በእግራቸው ሄደው ምሰሶው ፊት ተቀመጡ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች፣ ዕቃዬን የሚጭኑት ወዛደሮች፣ ሁሉም ሥራቸውን ትተው ቆሙ። ክርሽን ከወለሉ አንስቼ ዘረጋሁና ቋጠሮው ላይ በቢላዋዬ ጫርኩ። ልጅሽ ከአምስት ስንዝር ሁለት ጣት አልፋለች። ያቺ ሴት ከቆመችበት በሁለት ጣት ትበልጣለች ማለት ነው።

ከዚያ ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ስንት?» ብዬ ጮኽኩ። የሚመልስልኝ አልነበረም። ሰዎቹ ወጋችንን ከየት ያውቁታል? እርስ በርስ ተያዩ። ባዶው ቤት ድምፄን መልሶ ሰጠኝና ወዲያው አፈርኩ፤ ባልጮህኩ ብዬ ቢላዋዬን ወደ ኪሴ ልከት ስል እትዬ ተነሱ። እንዳልሰሙኝ አውቃለሁ፤ አፌን አይተው ይሆናል፣ ወይም ሳያዩም ያውቁት ነበር። ምሰሶውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ከዚያ ሰውነት ይወጣል በማይባል ድምፅ «አትሸጥም!» አሉ። ባለሙያዋ ቀስ ብላ ደገመችው። ወዛደሮቹ ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ።

እትዬ በዚህ ጊዜ ወደ ጓሮ አልወጡም።

ወንድምሽ ቱንቢ